ወረቀቱ «ኖርማል» እያለ ነርሷ ለምን ተጠራጠረች?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ዶክተር፣ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት እጥበት መሄድ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ተኩል ሆናቸው። በየወሩ የጉበት ኢንዛይም ይታያል። ኤኤልቲ የሚባለው 12፣ 14፣ 13 እያለ ነው የቆየው። ባለፈው ወር 29 ሆነ፣ በዚህ ወር 33። ወረቀቱ ላይ ‹ኖርማል እስከ 40› ይላል። ነርሷ ግን የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ይደገም አለች። ከሦስት ወር በፊት ተሠርቶ ኔጌቲቭ ነበር። ኖርማል ከሆነ ምን አስፈለገ? ዝም ብሎ ወጪ ነው ወይስ የደበቁን ነገር አለ? ተይዘው ቢሆን ከየት ሊመጣ ይችላል? እኛ ቤተሰቦችስ እንመርመር?»

ቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ። ነርሷ ልክ ናት። እኔም ብሆን የማዘው ይህንኑ ነው። የተደበቀ ነገር ያለ አይመስለኝም። እንዲያውም ከዛሬው ቁጥር ጋር ያለፈውን ወር አስተያይታ የምታነብ ነርስ ማግኘታቸው ዕድለኛ ያሰኛቸዋል። ቁጭ ብሎ ያስረዳዎት ሰው እንደሌለ ግን ይገባኛል። እጥበት ክፍል ውስጥ ለማብራሪያ የሚተርፍ ጊዜ ብዙም የለም።

ኤኤልቲ ጉበት ሴል ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል፣ እኛም እዚያ እናገኘዋለን። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፣ የሁለቱ ግንኙነት ይህ ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ በድሮ ስሙ ኤስጂፒቲ ብሎ ይጽፈዋል፣ ያው ነው። አብሮት የሚወጣው ኤኤስቲ ጡንቻ፣ ልብና ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ስለዚህ ከፍ ሲል ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ናሙናው ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ቢፈነዱ እንኳ ኤኤስቲ ይጨምራል። ለዚህ ነው ለጉበት ክትትል ዓይናችንን ኤኤልቲ ላይ የምንጥለው። አልካላይን ፎስፋታዝ የሚለውን ደግሞ ለጊዜው ይተዉት። እጥበት ላይ ባለ ሰው ብዙ ጊዜ ከፍ የሚለው በአጥንት ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ «እስከ 40» የሚለው መስመር የተሰመረው ኩላሊታቸው በሚሠራ ሰዎች ደም ነው። ለአባትዎ አልተሰፋም። እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ኤኤልቲ ከሌላው ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ጉበታቸው ከእኔና ከእርስዎ ስለሚሻል አይደለም። የሚለካበት መንገድ ያሳንሰዋል።

አንዱ ምክንያት ቫይታሚን ቢ6 ነው። ኤኤልቲ ሥራውን የሚሠራው ከቢ6 የተሠራ ረዳት አብሮት ሲኖር ነው። እጥበት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቢ6 ያንሰዋል። ምግቡ የተገደበ ነው፣ ከሚያገኘው ላይም ማሽኑ ያጥብበታል። ላቦራቶሪ የሚለካው የኢንዛይሙን ብዛት ሳይሆን ሥራውን መሆኑን ልብ ይበሉ። ረዳት ያጣው ኢንዛይም ደም ውስጥ ቢኖርም ሥራ ፈቶ ስለተቀመጠ አይቆጠርም። ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን ያወጣው የመለኪያ ዘዴ ይህ ረዳት መመርመሪያው ውስጥ እንዲጨመር ያዛል። የሚጨምር ላቦራቶሪ አለ፣ የማይጨምርም አለ። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ቢመረመር ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። አባትዎ በእነዚህ ሁለት ወራት ላቦራቶሪ ቀይረው ከሆነ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው። ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው ድረስ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ደሙም ይቀጥናል። በቀጠነ ደም ውስጥ ኢንዛይሙም ሳሳ ብሎ ይታያል። ሁለት ሦስት ሊትር ከወጣ በኋላ ያው ደም ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ወር ከእጥበት በፊት፣ ሌላ ወር ከእጥበት በኋላ የተቀዳ ናሙና ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ሁሌም ከእጥበት በፊት መሆን አለበት።

ታዲያ 40 ካልሆነ ስንት ይሁን? ተመራማሪዎች ለእጥበት ታካሚዎች መስመሩ ወደ 20ዎቹ ይውረድ ሲሉ ቆይተዋል። ሁሉም የተስማማበት አንድ ቁጥር ግን የለም። እኔ በበኩሌ ቁጥር ፍለጋውን ትቼዋለሁ። የማየው የሰውየውን የራሱን ታሪክ ነው። አባትዎ ለሁለት ዓመት 13 አካባቢ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን 33 ናቸው። ከሁለት እጥፍ በላይ ወጥተዋል ማለት ነው፣ ያውም ሁለት ወር ተከታትሎ። ሁልጊዜ 30 የሚሆን ሌላ ታካሚ 33 ቢያመጣ ዞር ብዬም አላየውም ነበር። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሰማይና ምድር። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እኔም ወረቀት ላይ ቀይ ምልክት ከሌለ አልፌ እሄድ ነበር። ኮምፒውተሩ ቀይ የሚያደርገው 40ን ሲያልፍ ብቻ መሆኑን ለማስተዋል ጊዜ ወስዶብኛል።

ኤኤልቲን እንደ ግቢ ውሻ ይዩት። ይጮሃል እንጂ ማን እንደመጣ አይናገርም። ለሌባም ይጮሃል፣ ለእንግዳም፣ ለድመትም። እጥበት ላይ ባለ ሰው ደግሞ ውሻው አርጅቷል፣ ድምፁም ሰልሏል። ሰፈሩን እስኪቀሰቅስ ከጠበቁት ሌባው ጓዳ ይገባል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጨርሶ የማይጮህበት ጊዜ መኖሩ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ደማቸው ውስጥ እያለ ኤኤልቲያቸው ለዓመታት ንቅንቅ የማይል ብዙ የእጥበት ታካሚዎች አሉ። ስለዚህ ከፍ ማለቱ ቫይረስ አለ አያሰኝም፣ ዝቅ ማለቱም ቫይረስ የለም አያሰኝም። ፍርዱን የሚሰጠው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ነው።

ይህ ከሆነ በየወሩ ኤኤልቲ መለካቱ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ የጊዜ ክፍተት ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእጥበት ማዕከላት ባወጣው ምክር ሄፓታይተስ ሲ የሌለበት ታካሚ ሲገባ አንቲቦዲ ይመርመር፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ ይደገም፣ በመካከሉ ኤኤልቲ በየወሩ ይታይ ብሏል። ኬዲጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ስድስት ወር ረጅም ነው። በዚያ መሃል አንድ ሰው ቢያዝ ፍንጭ የሚሰጠን ርካሽ ነገር ያስፈልጋል። ኤኤልቲ ያችን ቀዳዳ ለመድፈን የገባ ነው። ፍጹም አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

«ከሦስት ወር በፊት ኔጌቲቭ ነበር» ያሉትም እዚህ ላይ ይመለሳል። ያኔ የተሠራው የአንቲቦዲ ምርመራ ሊሆን ይችላል። አንቲቦዲ ሰውነት ቫይረሱን አይቶ የሚሠራው መልስ ነው። መልሱ እስኪዘጋጅ በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይወስዳል። እጥበት ላይ ያለ ሰው የመከላከል አቅሙ የደከመ ስለሆነ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል፣ ጭራሹኑ ላይታይ የሚችልበትም ጊዜ አለ። ኤኤልቲ ብዙውን ጊዜ ከአንቲቦዲው ቀድሞ ይነሳል። የቫይረሱ ዘረመል፣ አርኤንኤ፣ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። ከተያዙ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ደም ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ አሁን መጠየቅ ያለብዎት አንድ ጥያቄ አለ። የታዘዘው የትኛው ነው? ዳግመኛ አንቲቦዲ ብቻ ከሆነ ለዚህ ሁኔታ አይበቃም። ኤኤልቲ ያለምክንያት ሲነሳ የሚያስፈልገው የአርኤንኤ ምርመራ ነው። ላቦራቶሪዎች ፒሲአር ወይም «ቫይራል ሎድ» ይሉታል። ደሙም ከእጥበት በፊት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ሳይገባ መቀዳት አለበት። ሄፓሪን የፒሲአርን ሥራ ያበላሻል፣ እጥበቱ ራሱም ለጊዜው የቫይረሱን መጠን ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ጥቃቅን ነገር የተነሳ የተሳሳተ «ኔጌቲቭ» ይዞ ወደ ቤት መሄድ ያናድዳል።

ምልክት እስኪታይ እንጠብቅ የሚል ሰው ካለ አይስሙት። ዓይን ቢጫ እስኪሆን፣ የወፍ በሽታ የሚባለው እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። አዲስ ሄፓታይተስ ሲ በአብዛኛው ሰው ላይ ምንም ምልክት አያሳይም። ድካምና ማሳከክ ቢመጣም የእጥበት ታካሚ ድሮም ይደክመዋል፣ ድሮም ያሳክከዋል። ማን ይለየዋል?

ስለ ሄፓታይተስ ቢ አልጠየቁኝም፣ ግን ሳላነሳው አላልፍም። እሱን በኤኤልቲ አንከታተልም። የራሱ ምርመራ አለው። ያልተከተበ ወይም ክትባቱ ያልሠራለት ታካሚ የቫይረሱ የላይ ሽፋን ፕሮቲን፣ አንቲጂኑ፣ ደሙ ውስጥ መኖር አለመኖሩ በየወሩ ይታያል። ክትባቱ የሠራለት ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የመከላከያ አንቲቦዲው ይለካል፣ ከ10 በታች ከወረደ ማጠናከሪያ ይወስዳል። ለእጥበት ታካሚ የሚሰጠው የክትባት መጠን ከተለመደው እጥፍ ነው፣ በአንድ ጊዜ 40 ማይክሮግራም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ወጥመድ አለ። ክትባቱ የተሠራው ከዚያው አንቲጂን ነው። ስለዚህ ሰውየው በተከተበ በቀናት ውስጥ ቢመረመር «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት የቆየበት ጊዜ ተመዝግቧል። ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ታካሚው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፣ በኋላ ምንም የለም። አባትዎ ማጠናከሪያ ከወሰዱ ምርመራው ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ ይሁን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የእጥበት ክፍል ገብቶ ታካሚዎችንም ባለሙያዎችንም ገድሏል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ከ100 የእጥበት ታካሚዎች 6 ያህሉ በዓመቱ ውስጥ አዲስ ይያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 1 ወረደ። ያኔ ክትባቱ ገና አልወጣም ነበር። ያወረደው መመርመር፣ የተያዘውን ለብቻ ማጠብና ንጽሕና ነው። እኔ በክትባት የማምን ሰው ነኝ፣ ግን ይህን ታሪክ ሳስብ ሁሌም ስለ ጓንት አስባለሁ።

ወደ ጓንቱ ካመጣሁት «ከየት ሊመጣ ይችላል» ያሉትን ልመልስ። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ማሽኑን ነው። ቫይረሱ ግን ጤነኛ በሆነው የማጣሪያ ሽፋን ቀዳዳ አያልፍም፣ ለዚያ ትልቅ ነው። ለዚህም ሲባል ሄፓታይተስ ሲ ላለበት ሰው የተለየ ማሽን ይመደብ አይባልም። ሄፓታይተስ ቢ ግን ሌላ ነው። ክፍሉም ማሽኑም ይለያል፣ ምክንያቱም ያኛው ደረቅ ጠረጴዛ ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ሄፓታይተስ ሲ ከታካሚ ወደ ታካሚ የሚሄደው በአብዛኛው በእጅ ነው። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲኬድ ያልተቀየረ ጓንት። ለብዙ ሰው የሚቀዳበት አንድ የሄፓሪን ብልቃጥ። ከታካሚ ታካሚ የሚገፋ የመድኃኒት ጋሪ። በሁለት ፈረቃ መሃል በጥድፊያ የተጠረገ ወንበር። የደም ጠብታው ለዓይን ላይታይ ይችላል። ይህን የምለው ማዕከሉን ለመክሰስ አይደለም። ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአባትዎ ብቻ መሆኑ ያቆማል። አንድ አዲስ ሰው ሲገኝ ማዕከሉ ሌሎቹን መመርመርና አሠራሩን መፈተሽ አለበት። ይህን የመጠየቅ መብት አለዎት።

ምርመራው ኔጌቲቭ ቢሆንስ? ውሻው ለሌላ ነገር ጮኋል ማለት ነው፣ ያንን እንፈልጋለን። እኔ መጀመሪያ የማየው የመድኃኒት ከረጢቱን ነው። ባለፉት ሦስት ወራት ምን አዲስ ተጀመረ? ለኮሌስትሮል ስታቲን? ለልብ ምት አሚዮዳሮን? በርከት ያለ ፓራሲታሞል? ወይም ሐኪሙ የማያውቀው ቅጠላ ቅጠል? ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ከሆነ ነገሩ ይጠላለፋል። መድኃኒቱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ከሱ ጋር ደግሞ ቢ6 ይሰጣል። ከላይ እንዳልኩት ቢ6 ሲሞላ ተኝቶ የነበረው ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፣ ጉበቱ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ሁለቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ እባክዎ በራስዎ ምንም አያስቁሙ።

ከመድኃኒት ቀጥሎ በእጥበት መሃል ግፊታቸው ወርዶ ያውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ግፊት ክፉኛ ሲወርድ ጉበት ደም ያጥረዋል። የዚያ ዓይነቱ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን በአንዴ ወደ መቶዎች ይወረውረዋል፣ 33 ላይ አያቆመውም። የልብ ድካም፣ የጉበት ስብ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት መብዛት፣ እነዚህም ይታያሉ። ምንም ካልተገኘ ኤኤልቲው በሁለት ሳምንት ይደገማል፣ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ አርኤንኤውም እንደገና ይሠራል።

ፖዘቲቭ ቢሆንስ? ልብዎ አይሰበር። ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጠይቁኝ ኖሮ ፊቴ ይጠቁር ነበር። ያኔ የነበረው መድኃኒት፣ ኢንተርፌሮን፣ እጥበት ላይ ላለ ሰው በጣም ከባድ ነበር። አሁን የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ። ግሌካፕረቪርና ፒብሬንታስቪርን ያጣመረው አንዱ ነው፣ ኤልባስቪርና ግራዞፕረቪርን ያጣመረውም አለ። ሁለቱም ኩላሊታቸው ባቆመ ሰዎች ላይ ተሞክረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው የሚወሰዱት፣ ከ100 ታካሚዎች ከ90 በላይ ይድናሉ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ ከሆነ ግን መድኃኒቱ አሁን ይጀመር ወይስ ከተከላው በኋላ የሚለውን ከንቅለ ተከላው ቡድን ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ጉበቱ በጠባሳ ምን ያህል እንደደደረ በፋይብሮስካን መሣሪያ ሲለካም ከእጥበት በኋላ ይሁን። ውሃ የሞላ ሰውነት ጉበቱን ከሆነው በላይ የደደረ አስመስሎ ያሳያል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዳኑ በኋላም አንቲቦዲው ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፣ ለብዙዎች ዕድሜ ልክ። አዲስ ማዕከል ሄደው አንቲቦዲ ተመርምረው «ቫይረስ አለብዎት» ቢባሉ አይደንግጡ። የዳነ ሰው የሚከታተለው በአርኤንኤ ነው፣ በየስድስት ወሩ። የዳነ ሰው እንደገና ሊያዝም ይችላል፤ አንቲቦዲው አይከላከልለትም።

ቤተሰቡን በተመለከተ፣ ለአሁኑ መመርመር አያስፈልግም። አባትዎ ራሳቸው መያዛቸው አልታወቀም። ሄፓታይተስ ሲ በደም ነው የሚተላለፈው። አብሮ በመብላት፣ በብርጭቆ፣ በመሳም፣ ልጅ በማቀፍ አይተላለፍም። መላጫ፣ ጥርስ ብሩሽና ጥፍር መቁረጫ ግን ውጤት ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ለየብቻ ይሁን። ስኳር ካለባቸውና ጣታቸውን እየወጉ የሚለኩ ከሆነ መርፌውም መውጊያውም የሳቸው ብቻ ይሁን። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ እናትዎና በመርፌ ወይም በቁስል ደማቸውን የነካ ሰው ቢመረመሩ ጥሩ ነው። የተገኘው ሄፓታይተስ ቢ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። ያኔ ቤቱ ሁሉ ይመረመራል፣ ያልተከተበውም ይከተባል።

እስከዚያው አንድ ደብተር ይያዙ። የሁለት ዓመቱን የኤኤልቲ ቁጥር በሙሉ ከማዕከሉ ይጠይቁና ከነቀኑ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉት። ላቦራቶሪው የት እንደነበር፣ ናሙናው ከእጥበት በፊት ይሁን በኋላ፣ በዚያ ወር የተጀመረ መድኃኒት ካለም አጠገቡ ያስፍሩ። ያቺን ገጽ ለሐኪማቸው ያሳዩዋቸው። የአርኤንኤው ውጤት ሲመጣም ቁጥሩን ከነወረቀቱ ይላኩልኝና አብረን እናየዋለን።